የተራራ የእግር ጉዞ፦ ሸክሙ በማን ትከሻ፣ ጥቅሙስ ለማን?

ጎህ ሲቀድ በዓለም ታላላቅ ተራሮች ግርጌ የሚታየው ትዕይንት ተመሳሳይ ነው። በታንዛኒያ የኪሊማንጃሮ ፓርክ በሮች፣ በፔሩ የኢንካ መንገድ መነሻ፣ በኔፓል የሉክላ መንደር፣ በኢትዮጵያም የደባርቅ ከተማ ጓዝ ይታሰራል፣ ይመዘናል፣ ይጫናል። ጎብኚው ውኃና ካሜራ የያዘች ትንሽ ቦርሳውን አንግቶ ሲነሳ ድንኳኑ፣ ስንቁ፣ ማብሰያውና መኝታው በሌላ ሰው ትከሻ ወይም በበቅሎ ጀርባ ሆኖ ይቀድመዋል።

ከመኪና መንገድ ርቆ በተራራና በዱር ለቀናት በእግር መጓዝ ከጥቂት ጀብደኞች መዝናኛነት አልፎ የበርካታ ሀገራት የገቢ ምንጭ ከሆነ አሥርተ ዓመታት ተቆጥረዋል። ይህን ዘርፍ ከሌላው ቱሪዝም ለየት የሚያደርገው ከትላልቅ ሆቴሎችና ከዘመናዊ መንገዶች ይልቅ የሰው ጉልበትንና የአካባቢ ዕውቀትን የሚሻ መሆኑ ነው። በመሆኑም ፋብሪካም ሆነ ሰፊ የእርሻ መሬት በሌለበት ደጋ የውጭ ምንዛሪ ከአርሶ አደሩ ደጃፍ ድረስ ሊደርስ የሚችልበት ብርቅ አጋጣሚ ነው።

ይሁንና ሊደርስ ይችላል ማለት ይደርሳል ማለት አይደለም። የበርካታ ሀገራት ተሞክሮ እንደሚያሳየው ግልጽ ሕግና ተከታታይ ቁጥጥር በሌለበት የተራራ ጉዞ ሸክሙ በድሃው ትከሻ ላይ ይወድቃል፤ ገቢው ደግሞ ጉዞውን በሚሸጡ ኩባንያዎች እጅ ይቀራል። ተራራው ራሱም ከአቅሙ በላይ ተረግጦ የጎብኚውን ዓይን የሳበበትን ሀብት ያጣል። ስለዚህ ዘርፉ ሊመዘን የሚገባው ስንት ጎብኚ መጣ በሚለው ቁጥር ብቻ አይደለም። ሸክሙን ማን ተሸከመ፣ ጥቅሙስ ለማን ደረሰ የሚሉት ጥያቄዎችም እኩል መነሳት አለባቸው።

ጥያቄው ከገንዘብም ያለፈ ነው፤ የሕይወት ጉዳይ ነው። ከባህር ጠለል በላይ 2 ሺህ 500 ሜትር ገደማ ካለፈ በኋላ የአየሩ ግፊት እየቀነሰ ስለሚሄድ ሰውነት የሚያገኘው ኦክስጅን ያንሳል። ከቆላ የመጣ ሰው በፍጥነት ሽቅብ ሲወጣ ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽና ድካም ይሰማዋል። ምልክቱን ችላ ብሎ መውጣቱን ከቀጠለ ሳንባው ወይም አንጎሉ ውስጥ ፈሳሽ ተጠራቅሞ ለሞት ሊያበቃው ይችላል። የሕክምና ባለሙያዎች ከ3 ሺህ ሜትር በላይ የሚታደርበትን ከፍታ በአንድ ቀን ከ500 ሜትር በላይ አለመጨመርን፣ በየሦስትና በየአራት ቀኑም አንድ የዕረፍት ቀን መውሰድን ይመክራሉ። ሕመሙ ከጸና ደግሞ ዋነኛው መድኃኒት ሳይዘገዩ ቁልቁል መውረድ ነው።

ጎብኚው የዕረፍቱን ቀን በገንዘቡ ይገዛል። የቀን ሠራተኛ የሆነው ጓዝ ተሸካሚ ግን የታመመ ዕለት ከሥራ እንዳይወጣ በመስጋት ሕመሙን ሊደብቅ ይችላል። በተለይ በኔፓል ከሚሸከሙት መካከል ብዙዎቹ ከዝቅተኛ አካባቢዎች ለሥራ ፍለጋ የሚመጡ በመሆናቸው ተራራው ለእነርሱም እንደ ጎብኚው ሁሉ እንግዳ ነው። ተሸካሚ በመሆናቸው ብቻ ከፍታው አይጎዳቸውም ብሎ ማሰብ ብዙ ሕይወት ያስከፈለ ስህተት ነው።

የኔፓል ተሞክሮ ይህን በግልጽ ያሳያል። ሀገሪቱ እ.ኤ.አ. በ1953 ኤድመንድ ሂላሪና ቴንዚንግ ኖርጋይ የኤቨረስትን ጫፍ ከረገጡ በኋላ የዓለም ተራራ ወዳጆች መናኸሪያ ሆናለች። ከሉክላ ተነስቶ 5 ሺህ 364 ሜትር ከፍታ ላይ እስከሚገኘው የኤቨረስት መነሻ ሰፈር የሚያደርሰው መንገድ በሺዎች የሚቆጠሩ ጎብኚዎች የሚመላለሱበት ነው። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 18 ቀን 2014 ግን ከመነሻ ሰፈሩ በላይ በደረሰ የበረዶ ናዳ 16 ኔፓላውያን የተራራ ሠራተኞች ሕይወታቸው አለፈ። ሟቾቹ የውጭ ሀገር ተራራ ወጪዎች የሚገለገሉበትን ጓዝና መንገድ በማሰናዳት ላይ የነበሩ ናቸው።

መንግሥት ለእያንዳንዱ ቤተሰብ መጀመሪያ ያቀረበው 40 ሺህ የኔፓል ሩፒ፣ ማለትም 400 የአሜሪካ ዶላር ገደማ ነበር። ጎብኚዎች ለአንድ ጉዞ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ዶላር በሚያወጡበት ተራራ የቀረበው ይህ ገንዘብ የሠራተኞቹን ቁጣ ቀሰቀሰ። ሠራተኞቹ ሥራ በማቆማቸው የዓመቱ የመውጫ ወቅት ከኔፓል በኩል ተቋረጠ፤ መንግሥትም የሕይወት መድን ሽፋኑን ለማሳደግ ተስማማ። ያለ እነርሱ ትከሻ ተራራው እንደማይወጣ ለዓለም በግልጽ የታየው ያን ጊዜ ነው።

በዚያው ዓመት በጥቅምት ወር በአናፑርና አካባቢ የወረደው ድንገተኛ የበረዶ ውሽንፍር ደግሞ ተጓዦችንና ኔፓላውያን አጃቢዎቻቸውን ጨምሮ ከ40 በላይ ሰዎችን ገድሏል። ከሕንድ ውቅያኖስ የተነሳው የሁድሁድ ማዕበል ርዝራዥ ያስከተለው ይህ አደጋ የአየር ጠባይ መረጃ ለተጓዥ በወቅቱ መድረስ ያለውን ዋጋ አሳይቷል። ሀገሪቱ እ.ኤ.አ. ከሚያዝያ 2023 ጀምሮ የውጭ ሀገር ተጓዦች ፈቃድ ያለው መሪ ሳይዙ በተራራ መንገዶች እንዳይጓዙ የሚከለክል መመሪያ አውጥታለች። ዓላማውም የጠፉና የተጎዱ ተጓዦችን ፍለጋ ከሚያስከትለው ጣጣ መዳንና ለዜጎች የሥራ ዕድል መፍጠር መሆኑ ተገልጿል።

ወደ አፍሪካ ሲመጣ ቀዳሚው ምሳሌ ኪሊማንጃሮ ነው። 5 ሺህ 895 ሜትር ከፍታ ያለው ይህ ተራራ የአህጉሪቱ ጣሪያ ነው። የገመድና የበረዶ መውጫ ልዩ ሙያ ሳይጠይቅ በእግር ብቻ ሊወጣ የሚችል በመሆኑም በየዓመቱ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ይሞክሩታል። ተራራውን ያለ አስጎብኚ መውጣት የተከለከለ ሲሆን አንድ ጎብኚ እንደ ጉዞው ርዝመት ሦስትና ከዚያ በላይ ተሸካሚዎች ያስፈልጉታል።

የብሪታንያው የውጭ ልማት ተቋም እ.ኤ.አ. በ2009 ይፋ ያደረገው ጥናት የኪሊማንጃሮን የገቢ ክፍፍል መርምሯል። በጥናቱ መሠረት ጎብኚዎች ለተራራው ጉዞ በሀገር ውስጥ ከሚያወጡት ገንዘብ 28 በመቶው ለድሃው የኅብረተሰብ ክፍል ይደርስ ነበር። በሰሜን ታንዛኒያ የዱር አራዊት የመኪና ጉብኝት ግን ድርሻው 18 በመቶ ገደማ ሆኖ ተገኝቷል። ለልዩነቱ ዋነኛው ምክንያት ግልጽ ነው። በመኪና የሚደረገው ጉብኝት ወጪ በአብዛኛው ለሎጅና ለተሽከርካሪ ሲውል፣ የእግር ጉዞው ግን ለተሸካሚ፣ ለምግብ አብሳይና ለመንገድ መሪ ደመወዝና ጉርሻ ሆኖ በቀጥታ ይከፈላል።

ይህ አኃዝ ብቻውን ሲታይ የሚያበረታታ ቢሆንም ገቢው የተገኘው በቀላል ዋጋ አይደለም። በቂ ልብስ፣ ምግብና መጠለያ ሳይኖራቸው ውርጭ ላይ የሚያድሩ፣ ቃል የተገባላቸውን ክፍያ ሙሉ በሙሉ የማያገኙ ተሸካሚዎች ጉዳይ ለዓመታት መነጋገሪያ ሆኖ ቆይቷል። እ.ኤ.አ. ከ2003 ወዲህ የተሸካሚዎችን አያያዝ የሚከታተል ድርጅት ሥራ ጀምሯል፤ የፓርኩ አስተዳደርም የአንድ ተሸካሚ ጭነት ከ20 ኪሎ ግራም እንዳይበልጥ በየበሩ ሚዛን አቁሟል። ሚዛኑ ትንሽ መሣሪያ ቢመስልም በተሸካሚውና በአሠሪው መካከል የቆመ ዳኛ ነው።

በፔሩ ወደ ማቹ ፒቹ በሚወስደው የኢንካ መንገድ የተወሰደው እርምጃ ከዚህም የጠነከረ ነው። 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ርዝመት ያለውና በአራት ቀናት የሚጠናቀቀው ይህ ጥንታዊ የድንጋይ መንገድ 4 ሺህ 215 ሜትር ከፍታ ያለውን በር ያቋርጣል። ከሁለት አሥርተ ዓመታት በፊት ማንም እንዳሻው የሚጓዝበት በመሆኑ ቆሻሻ ተከምሮበት፣ ቅርሱም ተጎድቶ ነበር። መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2001 ባጠናከረው ደንብ ያለ ፈቃድ ያለው ድርጅት መጓዝ ተከልክሏል። በአንድ ቀን ወደ መንገዱ የሚገቡት ሰዎች ቁጥርም ተሸካሚዎችንና አስጎብኚዎችን ጨምሮ በ500 ተገድቧል፤ ከእነዚህ ውስጥ ጎብኚዎቹ 200 ገደማ ናቸው። በየዓመቱ በየካቲት ወር ደግሞ መንገዱ ለጥገናና ለዕረፍት ይዘጋል። የጭነት ከብትም ድንጋዩን እንዳይጎዳ አይገባበትም።

በዚያው በ2001 የወጣው የተሸካሚዎች ሕግ አንድ ሰው ከ20 ኪሎ ግራም በላይ እንዳይሸከም ደንግጓል። ሕጉ እ.ኤ.አ. በ2022 በአዲስ ሕግ ተተክቷል። ከሚዛኑ ካለፉ በኋላ ጭነት መልሶ የመደራረብ ቅሬታ ግን ሙሉ በሙሉ አልጠፋም። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ሕግ ማውጣት የሥራው መጀመሪያ እንጂ መጨረሻ አለመሆኑ ነው።

የተራራ ጉዞ ጥቅም ከተሸካሚው አልፎ በፓርኩ ዙሪያ ለሚኖረው ሕዝብ ሊዳረስ እንደሚችል ደግሞ ሩዋንዳና ኡጋንዳ አሳይተዋል። በሁለቱ ሀገራት የተራራ ጎሪላዎችን ለማየት በጥቅጥቅ ደን ውስጥ በእግር የሚደረገው ጉዞ ጥብቅ ገደብ አለው። አንድን የጎሪላ ቤተሰብ በቀን የሚጎበኙት ከስምንት የማይበልጡ ሰዎች ሲሆኑ ከእንስሳቱ ጋር የሚቆዩትም ለአንድ ሰዓት ብቻ ነው። ሩዋንዳ እ.ኤ.አ. በ2017 የአንድ ሰው ፈቃድ ዋጋን ወደ 1 ሺህ 500 ዶላር ስታሳድግ ከፓርክ ገቢ ለአካባቢው ማኅበረሰብ የሚውለውን ድርሻ ከ5 ወደ 10 በመቶ ከፍ አድርጋለች። በኡጋንዳ ደግሞ ከፓርክ መግቢያ ክፍያ 20 በመቶው ለአጎራባች ማኅበረሰብ እንዲውል በሕግ ተደንግጓል።

ውጤቱ በእንስሳቱ ቁጥር ታይቷል። ሊጠፉ ተቃርበው የነበሩት የተራራ ጎሪላዎች ቁጥር እ.ኤ.አ. በ2018 ይፋ በሆነ ቆጠራ ከ1 ሺህ አልፏል። የዓለም የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረትም በዚያው ዓመት ከከፋው የአደጋ ደረጃ ወደ ቀጣዩ ዝቅ አድርጓቸዋል። ለውጡ የመጣው በሕክምናና በተጠናከረ ጥበቃም ጭምር ነው። ሆኖም በሕይወት ያለ ጎሪላ ከሞተው ይልቅ ለመንደሩ የሚጠቅም መሆኑን ነዋሪው በትምህርት ቤትና በጤና ጣቢያ ግንባታ በዓይኑ ማየቱ ጥበቃውን የራሱ ጉዳይ አድርጎታል።

ይህ ሁሉ ተሞክሮ ለኢትዮጵያ ያለው ትርጉም ከፍተኛ ነው። የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ከዓለም የእግር ጉዞ መዳረሻዎች ተርታ የሚሰለፍ ሀብት ነው። እ.ኤ.አ. በ1978 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ከሰፈሩት የመጀመሪያዎቹ 12 ቅርሶች አንዱ ሲሆን፣ በዓለም ሌላ ስፍራ የማይገኘው ዋልያ መኖሪያ ነው። ጭላዳ ዝንጀሮና ቀይ ቀበሮም በጓሳውና በጅብራው መካከል ይታያሉ። ከጎንደር 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ ከምትገኘው ደባርቅ የሚነሳው ተጓዥ በሳንቃበር፣ በግጭና በጨነቅ ካምፖች እያደረ የገደሉን አፋፍ ተከትሎ ይጓዛል። ጊዜና ጉልበት ያለው ደግሞ ከ4 ሺህ 500 ሜትር በላይ ከፍታ ያለውን የኢትዮጵያ ጣሪያ ራስ ዳሸንን ይወጣል።

በሰሜን ተራሮች ጓዙን የሚሸከመው በአብዛኛው በቅሎ ነው። የጉዞው ሥርዓትም በአካባቢው ሰው ላይ የተመሠረተ ነው። ጎብኚው ከፓርኩ ጽሕፈት ቤት ፈቃድ ሲያወጣ የታጠቀ ስካውት ይመደብለታል፤ አስጎብኚው፣ ምግብ አብሳዩና በቅሎ ነጂውም ከአካባቢው ነዋሪ የሚገኙ ናቸው። አገልግሎቱ በማኅበርና በተራ የሚሰጥ በመሆኑ ገቢው በጥቂት ሰዎች እጅ እንዳይከማች ያደርጋል። "ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ" የሚለው የአበው ብሂል በዚህ ሥርዓት ውስጥ ሁለት ትርጉም ይኖረዋል፤ ሸክሙ ሲከፋፈል ይቀላል፣ ጥቅሙም ሲከፋፈል ያምራል።

ይሁን እንጂ ፓርኩ ያሳለፈው መንገድ ቀና አልነበረም። የዋልያ ቁጥር በማሽቆልቆሉ፣ የእርሻና የልቅ ግጦሽ ጫና በመበርታቱና መንገድ በመሠራቱ ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ1996 በአደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች መዝገብ አስፍሮታል። ከመዝገቡ ለመውጣት 21 ዓመታት ፈጅቷል። የፓርኩ ወሰን እንዲሰፋ ተደርጓል፤ ዋናው መንገድ አቅጣጫውን እንዲቀይር ተወስኗል። እ.ኤ.አ. በ2016 ደግሞ በፓርኩ እምብርት ይኖሩ የነበሩ ከ400 በላይ የግጭ መንደር አባወራና እማወራዎች ወደ ደባርቅ ተዛውረዋል። በእነዚህ እርምጃዎች ቅርሱ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2017 ከአደጋው መዝገብ ወጥቷል።

ለዚህ ውጤት ትልቁን ዋጋ የከፈለው የአካባቢው ነዋሪ ነው። ከአያት ከቅድመ አያቱ ይዞታ ተነስቶ ወደ ከተማ የገባ አርሶ አደር ያጣውን የእርሻና የግጦሽ መሬት የሚተካለት ቋሚ መተዳደሪያ ይሻል። ለብዙዎች ይህ መተዳደሪያ ከቱሪዝሙ ይመጣል የሚል ተስፋ ነበር። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ2019 በፓርኩ ውስጥ የተነሳውና የእስራኤል የእሳት አደጋ ባለሙያዎች ጭምር የተሳተፉበት ርብርብ ያስፈለገው ቃጠሎ፣ ቀጥሎም በ2020 የኮሮና ወረርሽኝ፣ በዚያው ዓመት የተጀመረው የሰሜኑ ጦርነት፣ ኋላም ከ2023 አጋማሽ ጀምሮ በአማራ ክልል የተቀሰቀሰው ግጭት የጎብኚውን እግር አሳጥረውታል።

የጎብኚ መቅረት ጉዳቱ በሆቴል ባለቤቶች ላይ ብቻ አያበቃም። ገቢ ያጣው በቅሎ ነጂ ፊቱን ወደ እርሻ፣ ወደ ግጦሽና ወደ ማገዶ ቆረጣ ለማዞር ይገደዳል። የጥበቃ ሥራው በጸጥታ ችግር ሲላላም ሕገ ወጥ አደን ይስፋፋል። ከግጭቱ ወዲህ የዋልያ ቁጥር መቀነሱ መነገሩም ይህንኑ ያሳያል። ሰላም፣ ጎብኚና ዋልያ በአንድ ገመድ የተያያዙ ናቸው፤ አንዱ ሲላላ ሌሎቹም ይወድቃሉ።

ከዚህ በመነሳት ሰላሙ ጸንቶ ጎብኚው በሙላት እስኪመለስ ያለው ጊዜ የባከነ ጊዜ መሆን የለበትም። ኪሊማንጃሮና የኢንካ መንገድ ገደብ ያበጁት ጉዳቱ ከደረሰ በኋላ ነው። ሰሜን ተራሮች ግን ከመጨናነቁ በፊት የማሰብ ዕድል አለው። አንድ ካምፕ በአንድ ሌሊት ስንት ድንኳን ይችላል፣ ቆሻሻው በማን ተለቅሞ የት ይወገዳል፣ የበቅሎ ጭነትና የነጂው ክፍያ ወለል ስንት ይሁን፣ ስካውቱና አብሳዩ አደጋ ቢደርስባቸው የመድን ሽፋናቸው ምንድን ነው የሚሉት ጥያቄዎች ከወዲሁ በግልጽ መመሪያ ሊመለሱ ይገባል።

ሁለተኛው ጉዳይ የገቢ ድርሻ ነው። በቅሎ የሌለው፣ ቋንቋ የማይችልና ከጉዞው መስመር ርቆ የሚኖር አርሶ አደርም ሰብሉን በጭላዳ ያስበላል፤ ከብቱንም ከግጦሽ ይከለክላል። ከፓርኩ ገቢ ቁርጥ ያለ ድርሻ በየዓመቱ ለቀበሌው በይፋ ተነግሮ በውኃ ጉድጓድ፣ በትምህርት ቤት ወይም በጤና ኬላ መልክ ካላየው የዋልያ መኖር ለእርሱ ኪሳራ ሆኖ ይቀጥላል። የኡጋንዳና የሩዋንዳ ተሞክሮ ድርሻው በመቶኛ ተለክቶ መደንገጉ መተማመንን እንደሚፈጥር ያሳያል።

ሦስተኛው የአደጋ ዝግጁነት ነው። ደባርቅ ራሷ 2 ሺህ 800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የምትገኝ ስትሆን የጉዞው ካምፖች ከ3 ሺህ 200 ሜትር በላይ ናቸው። በአንድ ቀን ከቆላ ተነስቶ በመኪና እስከ ጨነቅ የሚደርስ ጎብኚ ሰውነቱን ሳያላምድ የሚወጣ በመሆኑ ለከፍታ ሕመም ይጋለጣል። አስጎብኚዎች ምልክቱን ለይተው በጊዜ እንዲያወርዱ ማሠልጠን፣ በካምፖች የመገናኛ ሬዲዮና የመጀመሪያ ሕክምና መስጫ ማሟላት ብዙ ወጪ የማይጠይቅ ነገር ግን ስምን የሚያስጠብቅ ሥራ ነው። የአናፑርናው አደጋ እንዳሳየው በተራራ ላይ አንድ ቀን የዘገየ መረጃ የሰው ሕይወት ያስከፍላል።

የእነዚህ እርምጃዎች ፋይዳ በሰሜን ተራሮች ብቻ የሚወሰን አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2023 በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክም የሳነቴን አምባና የሐረናን ደን ይዞ ለእግር ጉዞ የታደለ ነው። በላሊበላ ዙሪያ በመቄት ወረዳ የገጠር ማኅበረሰቦች ራሳቸው በሚያስተዳድሯቸው ማረፊያዎች ተጓዥን ሲያስተናግዱ የቆዩበት አሠራርም ሀገሪቱ ከራሷ የምትማረው ምሳሌ እንዳላት ያሳያል።

ከሂማላያ እስከ አንዲስ፣ ከኪሊማንጃሮ እስከ ቪሩንጋ የታየው እውነት አንድ ነው። ተራራም እንደ ሰው የመሸከም አቅሙ ልክ አለው። ልኩን ያወቁና ሸክሙን ከጥቅሙ ጋር ያመጣጠኑ ሀገራት እንግዳቸውን አክብረው፣ ዜጋቸውን ጠቅመው፣ ቅርሳቸውን ጠብቀው ቀጥለዋል። በሰሜን ተራሮችም የደባርቁ በቅሎ ነጂ የዕለት ገቢውን አግኝቶ ማምሻውን በሰላም ወደ ቤቱ ሲመለስ፣ ዋልያውም በገደሉ አፋፍ ያለ ስጋት ሲሰማራ ያን ጊዜ ጉዞው በትክክል ተሳክቷል ማለት ይቻላል።